ለመልሱ ጨዋታ ቡና የለቀመው ቡድን

ለእኔ ኳስ የሚሸተው እሸት ቡና ነው። የሚስቅ ይሳቅ። ሌላው ሰው ኳስ ሲባል ሣር ይሸተዋል፣ ላብ ይሸተዋል፤ እኔን የሚሸተኝ ግን የማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቀይ ቡና፣ ያ ጣፍጦ ጎምዘዝ የሚለው፣ እንደ ጠላ ጥንስስ አፍንጫ የሚይዘው ሽታ ነው። ባለፈው ኅዳር ለለቅሶ ቦንጋ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ ስወርድ አንድ ግቢ ውስጥ ቡና ተሰጥቶ ኖሮ ሽታው ፊቴን መታኝ። ቀጥ ብዬ ቆምኩ። አብራኝ የነበረችው የአክስቴ ልጅ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ «ቢታዎች መጡ!» አልኳት። ደንግጣ ወደ ኋላ ዞረች። እሷ ቢታዎች በመጡበት ዓመት ገና አልተወለደችም፤ ስለዚህ እዚያው መንገድ ዳር አቁሜ ነገሩን ከነጓዙ ነገርኳት። ለእናንተም ያንኑ ልድገመው።

ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። ሞባይል ቦንጋ አልገባም፤ ስልክ ያማረው ቴሌ ሄዶ ይሰለፋል። አባቴ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ደካ የሚባል ገጠር ተመድቦ ስለነበር እኔ ለትምህርት አክስቴ ጋ ቀረሁ። አክስቴን አገሩ ሁሉ እትዬ ዘነበች ይላታል፤ እኔም እትዬ እላታለሁ። ከኳስ ሜዳው በላይ ሻይ ቤት ነበራት። ጠዋት ቦንቦሊኖ ትጠብሳለች፣ ከሰዓት ሻይ ታፈላለች፣ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ትናገራለች። ሜዳ ገብታ ኳስ ስታይ ማንም አይቷት አያውቅም፤ ግን የማን ግራ እግር እንደማይሠራ፣ ማን ሲደክመው እንደሚያነክስ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። «ተጫዋች ሁሉ እኔ ጋ ሻይ ይጠጣል፤ ሻይ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ያወራል» ትላለች። ምላሴን ከማን እንደወረስኩ አሁን ገባችሁ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ከስሜ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልተዋወቅንም።

ከተማችን ደመወዝ የሚከፈለው ቡድን ነበራት፤ ጫካ ቡና ይባላል። አሠልጣኙ የእኛው የስፖርት አስተማሪ መምህር ታፈሰ ናቸው። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ቀጭን፣ ፊሽካቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሰው። «ፕሮፌሽናል» የሚለውን ቃል ይወዱት ነበር። «ፕሮፌሽናል እንጨት አይፈልጥም፣ ሸክም አይሸከምም፣ ዝናብ አይመታውም፣ በጊዜ ይተኛል» እያሉ ተጫዋቾቹን ሲመክሩ እሰማለሁ። እኔ ደግሞ ፕሮፌሽናል ማለት አንድ የማይድን በሽታ መስሎኝ አንጀቴ ይላወስላቸው ነበር። አንድ ቀን አጥቂያችንን አድማሱን፣ ሻይ ስሰጠው፣ «ሲይዝህ ስንት ዓመትህ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ምኑ?»

«ፕሮፌሽናሉ።»

ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባየኝ ቁጥር ግንባሬን ዳስሶ «አንቺንስ እስካሁን አልያዘሽም?» ይለኝ ነበር።

አድማሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የማንኪራ ጫካ ልጅ ነው። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ እትዬ ወርቅነሽ ጫካ ውስጥ ባለች የቡና ይዞታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ዛፍ ላይ ቀፎ ሊሰቅል ሲወጣ ያደገ ልጅ ስለሆነ በጭንቅላት ኳስ የሚያህለው አልነበረም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ከጅማ፣ ከሚዛን፣ ከየትም የመጡ ናቸው፤ ቡድኑ ቢፈርስ ሌላ ቡድን አያጡም። እሱ ግን እናቱን ጥሎ ከቦንጋ አይርቅም፤ እሁድ እሁድ ማንኪራ ደርሶ መመለስ አለበት። ጫካ ቡና ካለ ኳስ ተጫዋች ነው፤ ጫካ ቡና ከሌለ ኳሱ አበቃ።

እንግዲህ የዚያን ዓመት ነገር ይህ ነበር፦ ከቢታ ገነት ቡድን ጋር ሁለት ጨዋታ አለብን፤ አንዱ እነሱ ጋ፣ አንዱ እኛ ጋ። በድምር ያሸነፈ ወደ ክልሉ ሊግ ያልፋል። የመጀመሪያውን ቢታ ገነት ሄደን ሁለት ለባዶ ተመተን መጣን። ደጋፊ የጫነው አይሱዙ አመሻሹ ላይ ሲገባ ዘፈን የለም፣ ጡሩምባ የለም። እትዬ ቦንቦሊኖዋን ትታ አዳመጠችና «ሞተሩ ብቻ ነው የሚጮኸው፤ ተበልተናል ማለት ነው» አለች። በማግስቱ ደግሞ የከተማው ካቢኔ ተሰብስቦ ቆረጠው፤ ቡድኑ ካላለፈ ለከርሞ አይኖርም። ወሬው ሻይ ቤታችን ሲደርስ አድማሱ ጥግ ተቀምጦ ነበር። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ፤ ሻይ ሳይጨርስ ሲወጣ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

እኔ ስለ ድምር ብዙም አልገባኝም ነበር። ድምር የማውቀው ካርድ ላይ ነው። ቢታዎች ሁለት አግብተዋል ከተባለ፣ ያቺን ሁለት ይዘዋት ይመጣሉ፣ ዳኛው ጨዋታውን ከሁለት ይጀምረዋል ብዬ አሰብኩ። ሲብስም ለክፍል ጓደኞቼ «እኛ ሜዳ ላይ ሁለት ለባዶ እየተመራን ነው የምንገባው፣ እንዳትደነግጡ» ብዬ አወጅኩ። አንዷ ጓደኛዬ አለቀሰች። እትዬ ስትሰማ «አይ አንቺ! ያልተወለደ ልጅ ታስለቅሻለሽ» ብላ ሦስት ኩባያ ደርድራ አስረዳችኝ፤ ሦስት ካገባን እናልፋለን፣ ሁለት ካገባን ፍጹም ቅጣት ምት ይመጣል። «ፍጹም ቅጣት ምት ከመጣ ግን አለቀልን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ግብ ጠባቂያችን ኳስ ሲመታበት ዓይኑን ይጨፍናል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

ለማንም እንዳልናገር የተነገረኝ ሰኞ ነው፤ ማክሰኞ መምህር ታፈሰ ጠሩኝ።

ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ነበረው። የድምፅ ማጉያው ጡሩምባ በዳይሬክተሩ ቢሮ ጣራ ላይ ተሰቅሎ አፉን ወደ ገበያው ያዞረ ስለነበር፣ ሰልፍ ላይ የምናነበውን ዜና ሽንኩርት ሻጭ ሁሉ ይሰማዋል። መምህር ታፈሰ «የመልሱን ጨዋታ ቅድመ ዳሰሳ ከጨዋታው በፊት ባለው ዓርብ ጠዋት አንቺ ታቀርቢያለሽ» አሉኝ። «የሁለቱን ቡድን ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ታክቲክ፣ ግምት። ሚዛናዊ ሁኚ።» ሚዛናዊ! እኔ! ቢሆንም እሺ አልኩ። የሬዲዮ ስፖርት ጋዜጠኞችን እየሰማሁ ስላደግኩ ድምፄን ማወፈር እችልበት ነበር። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ መሬት አልረገጥኩም።

ለጨዋታው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አድማሱ ከልምምድ ቀረ። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን። ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ተነሳ፤ «ቢታዎች ገዝተውታል»፣ «ኮብልሏል»፣ «እግሩ ተሰብሯል»። እትዬ አንዱን ወሬኛ «ዝም በል! ያየኸውን ተናገር፣ ካላየህ ቦንቦሊኖህን ብላ» ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ከማንኪራ ማር ይዞ የመጣ ሰው ጠይቃ እውነቱን አገኘችው። ቡናው በአንዴ ቀልቷል። ዝናቡ እየመታ ያረግፈዋል፣ የቀረውን ጦጣ ይበላዋል። እትዬ ወርቅነሽ ደግሞ ወገባቸውን ታመዋል። የዓመት ጉሮሮአቸው እዚያ ዛፍ ላይ ነው። ልጃቸው ጥሎ ይምጣ?

መምህር ታፈሰ ሻይ ቤታችን ገብተው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ። «ያለ እሱ ሦስት ጎል ከየት ይመጣል እትዬ ዘነበች? ኮሚትመንት የሚባል ነገር የለም እንዴ?»

«ኮሚትመንቱን እናቱ ጋ ሄደው ይጠይቁ» አለች እትዬ። «ይልቅ አሁን የምልዎትን ይስሙ። ቡድኑን ይዘው ማንኪራ ይውጡ። ቡናውን ለቅማችሁ ጨርሱለት፣ ልጁን ይዛችሁ ውረዱ።»

«ማን? ተጫዋቾቼ?» መምህር ታፈሰ ከወንበራቸው ተነሱ። «ፕሮፌሽናል ተጫዋች በመልስ ጨዋታ ዋዜማ ቡና ሲለቅም የት አገር ታይቷል?»

«ማንኪራ ይታያላ!»

መምህሩ ተቀመጡ። «እሁድ ይበቃል?» አሉ። «ቅዳሜም» አለች እትዬ። እኔ ደግሞ በሽታው ለካ ይድናል ብዬ ደስ አለኝ።

ጨዋታው የሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ነው፤ እኛ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወጣን። አይሱዙው እስከሚደርስበት አደረሰን፣ የቀረውን በእግር። እኔ የሄድኩት ለቅድመ ዳሰሳው መረጃ ለመሰብሰብ ነው ብዬ እትዬን አሳምኜ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ዛፉ ሰማይ አያሳይ፣ ቅጠል ሁሉ ያንጠባጥባል። የጅማው ተከላካያችን ጉንዳን ሱሪው ውስጥ ገብቶበት እንዲያ ሲዘል ያየሁትን ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ሜዳ ላይ አላየሁም። እትዬ ወርቅነሽ ከደጃቸው ቆመው ሰልፉን አዩና ልጃቸውን በካፊኛ ምን እንደሆነ ጠየቁት። ሲነግራቸው ከሳቅ ይልቅ ሐሳብ ያዛቸው። አንድ በአንድ ፊታችንን አዩ። ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

ለቀማ ቀላል ይመስላል። ቀዩን ትለቅማለህ፣ አረንጓዴውን ትተዋለህ፤ በቃ። ግን ቅርንጫፉን ጎትተህ መያዝ አለ፣ እንዳይሰበር መጠንቀቅ አለ፣ ወገብ ላይ የታሰረው ቅርጫት አለ። የመሀል ሜዳው ንጉሥ የተባለው ተጫዋች ግማሽ ቅርጫት አረንጓዴ ለቅሞ ሲመጣ እትዬ ወርቅነሽ ቅርጫቱን ተቀብለው አዩት፣ እሱንም አዩት። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ «አንቺ ዓይን የለሽም ወይ?» አሉት። ቡድኑ መሬት ላይ ተንከባለለ። ያ ልጅ እስከ ውድድሩ መጨረሻ «አንቺ» ተብሎ ቀረ።

ለምሳ ጎደሬ ተቀቅሎ ቀረበ፣ ቆጮ በጎመን፣ ማር በቅጠል። ፕሮፌሽናሎቹ ተሻሙበት። መምህር ታፈሰ ራሳቸው ከሰዓት ላይ ፊሽካቸውን ወደ ጀርባቸው አዙረው ይለቅሙ ጀመር፤ እንዲያውም አድማሱን «ከእኔ ቅርጫት ያንተ ጎደሎ ነው፣ ምን ሆነሃል?» ሲሉት ሰማሁ። አድማሱ ከእኔ አጠገብ እየለቀመ ቀይዋን ፍሬ ከፍቶ ጣፋጩን ሽፋን እንድመጥ ሰጠኝ። «ዓርብ ምን ልትይ ነው?» አለኝ።

«እናሸንፋለን ልል ነዋ!»

«በስንት?»

«በሦስት።»

እጁን ከቅርንጫፉ አነሳ። «ትዕግሥት፣ ካልሆነስ? እኔ እዚሁ ነው የምቀረው» አለ። ያን ጊዜ አየሁት፤ የሚቀልደው አድማሱ አልነበረም። እኔ ግን ልቤ አልተነቃነቀም። «አፍህን ያዝ፣ በሦስት ብያለሁ» አልኩት። ልጅ ስትሆን የማታውቀው ነገር ጉልበት ይሆንሃል፤ እኔ ደግሞ ብዙ አላውቅም ነበር።

እዚያው አደርን። እሁድ ሲመሽ የቀላው ቡና በሙሉ ተለቅሞ አልጋ ላይ ተሰጣ። ዛፉ ላይ የቀረው አረንጓዴ ብቻ ነው። ልንሄድ ስንል እትዬ ወርቅነሽ እንደገና በየፊታችን ዞሩ። ለእያንዳንዱ ሰው እጁን ይዘው አንድ ነገር ይላሉ። አድማሱ ተረጎመ፤ «ቀንህ እኔ ጋ ነው» ነው የሚሉት። ካፋ ውስጥ ይህን ሥራ ዳዶ ይሉታል። እንደ እኛ ደቦ በልቶ ጠጥቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ሰው አንድ ቀን ከሠራልህ አንድ ቀን ትሠራለታለህ፣ ሳትመልስ ከቀረህ ነውር ነው። መምህር ታፈሰ «ኧረ የለም፣ እኛ ስጦታ ነው ያመጣነው!» ብለው ሊያስረዱ ሞከሩ። እትዬ ወርቅነሽ ወይ ፍንክች። «ስጦታ የለም፣ ቀን ነው» አሉ በአማርኛ። እኔም ጋ መጡና ትንሿን እጄን ያዙ። «ያንተም።»

እንግዲህ ዓርብ ሆነ። ቢታዎች ሐሙስ ገብተው ከገበያው በላይ ባለው ሆቴል አርፈዋል። ቡና ለቀማው ጆሯቸው ደርሶ ኖሮ፣ ሻይ ቤታችን በር ላይ ሲያልፉ «ቡና ለቃሚዎች! ቅርጫታችሁን ይዛችሁ ግቡ፣ ጎል እናስይዛችኋለን!» ይሉናል። እትዬ ከውስጥ ሆና «እናንተ ደግሞ ጆንያ ያዙ!» አለቻቸው። ትምህርት ቤት፣ ከባንዲራው በኋላ፣ ማይክሮፎኑ ፊት ቆምኩ። ጡሩምባው ጮኸ፣ ገበያው ዝም አለ፣ እኔ ድምፄን አወፈርኩ።

«ውድ የሚኒ ሚዲያችን አድማጮች፣ ጤና ይስጥልኝ። በመጪው እሁድ በሜዳችን የሚካሄደውን ታላቅ የመልስ ጨዋታ እንቃኛለን። የቢታ ገነት ቡድን ጥንካሬው የተከላካይ ክፍሉ ነው። አራቱም ተከላካዮች ረዣዥም ናቸው፣ አይናገሩም፣ ዓይናቸውንም ከኳስ አይነቅሉም። ድክመታቸው ሦስት ጎል ተቆጥሮባቸው አለማወቁ ነው። እሁድ ያውቁታል። የእኛ ቡድን ባለፈው ሳምንት በማንኪራ ልዩ ልምምድ አድርጓል። ቀዩን ከአረንጓዴው ለይቶ መልቀም ተምሯል። ስለዚህ ቀዩ የቢታ ማልያ ይጠንቀቅ። የጨዋታው ግምት፦ ጫካ ቡና ሦስት፣ ቢታ ገነት ባዶ። ይህ ግምት ሚዛናዊ ነው። አመሰግናለሁ።»

ገበያው በጭብጨባ ተናወጠ። መምህር ታፈሰ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው «ሚዛናዊ?» አሉኝ። ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ለእሁድ ደጋፊውን የምመራበት የትምህርት ቤቱን ሜጋፎን ሰጡኝ።

ቅዳሜ ሌሊቱን ዝናብ ወረደ። እሁድ ጠዋት ሜዳውን ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት ዳክዬ ነው። ኩሬ ሆኗል። ከውጭ የመጣው የጨዋታው ኮሚሽነር ቦት ጫማ አድርጎ ገባና ኳስ ለቀቀ፤ ኳሱ ተንሳፈፈ። «እስከ ስምንት ሰዓት እንዲህ ከሆነ እዚህ አይካሄድም። ሳምንት ሚዛን ሄዳችሁ ትጫወታላችሁ» አለ። ካቢኔው ደግሞ ከዚህ በኋላ ለአንድም ጉዞ መኪና እንደማይሰጥ አስቀድሞ ተናግሯል። መኪና ከሌለ መሄድ የለም፣ ካልሄድን ቢታ ያልፋል። አድማሱ ማልያውን ለብሶ ሜዳው ዳር ቁጢጥ ብሎ ውኃውን ያያል። ሰው ሁሉ ሰማዩን ያያል። እኔ እንኳን ዝም አልኩ፤ በእኔ ዝምታ ነው እትዬ ነገሩ እንደከፋ ያወቀችው።

አራት ሰዓት አካባቢ ከማንኪራ በኩል ሰዎች ሲመጡ ታየ። ወንድም ሴትም አሉበት። ዶማ የያዘ፣ አካፋ የያዘ፣ የቡና ገለባ በጆንያ የተሸከመ። ከፊት እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፣ ወገባቸውን በነጠላ ጠፍረው። ጨለማ ሳይለቅ ነው የተነሱት። መምህር ታፈሰ ሮጠው ሄዱ፣ «ጨዋታው ከሰዓት ነው፣ አሁን ምን…»

«ጨዋታ አላወቅኩም» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። «ቀን ልመልስ መጣሁ። ሥራው የት ነው?»

መምህሩ ዞረው ሜዳውን አዩ። ፊሽካቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱና ነፉ።

እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። ማንም ማንንም አላዘዘም። ጫካ ውስጥ ውኃ ሲመራ የኖረ ሰው ውኃ የት መሄድ እንደሚፈልግ ያውቃል፤ ከመሀል ወደ ታችኛው ጥግ ቦይ ቀደዱለት፣ ሄደ። ጭቃው ላይ ገለባ በተኑ፣ ረገጡት፣ እንደገና በተኑ። ከተሜው አፍሮ ጫማውን አወለቀና ገባ። የቢታ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ዶማ ተቀበሉ፤ እነሱም ካፊኛ የሚናገሩ የቡና አገር ልጆች ናቸው፣ ሲሠራ ቆሞ ማየት አይሆንላቸውም። ኮሚሽነሩ በሰባት ሰዓት ተኩል ኳሱን ሲለቀው ነጠረ። ብዙ አይደለም፤ ግን ነጠረ።

እትዬ ወርቅነሽ በየተጫዋቹ ፊት ዞረው እጁን እየያዙ ቀኑን መለሱ። ለሁለቱ ቀን ሥራ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ሰው ነው ያመጡት። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእኔ ሁለተኛ ቀን ሊሠራ የተመደበው ሰው በጠዋት ታሞ ቀርቷል። «ያንተ አንድ ቀረ» አሉኝ በጣም አዝነው። «ችግር የለም እትዬ» አልኩ። «አለ» አሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔ ሜጋፎኑን ይዤ ከመስመሩ ዳር፣ እንደ እብድ። የመጀመሪያውን ጎል ከዕረፍት በፊት «አንቺ» አገባው፤ በሩቁ ለቀቀው፣ ጭቃ ላይ ሸርተት ብላ ገባች። ሁለተኛውን ከዕረፍት በኋላ አድማሱ በጭንቅላቱ። ሁለት ለባዶ! በድምር እኩል! ከዚያ በኋላ ግን ቢታዎች በራቸውን ዘጉ። አራቱ ረዣዥሞች ተሰልፈው ኳስ በመጣ ቁጥር ይመልሳሉ፣ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ሰዓቱ ሄደ። ፍጹም ቅጣት ምት ሊመጣ ነው፤ ያ የግብ ጠባቂያችን ነገር ትዝ አለኝ። «በርቱ!» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም። ድምፄ አልቋል። ደግሜ ሞከርኩ፣ እንደ አሮጌ በር ሲጥ አለ። ሕዝቡ ጸጥ ብሏል። እዚያው እንባዬ መጣ።

ከጎኔ እጅ ሲዘረጋ አየሁ። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው። «ሥራህ ይህ ነው?» አሉ ወደ ሜጋፎኑ እያመለከቱ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አምጣ።»

ተቀበሉኝ። እንዴት እንደሚያዝ አሳየኋቸው። አድማሱ ኳሷን ይዞ ወደ አራቱ እየገሰገሰ ነበር። እትዬ ወርቅነሽ ትንፋሽ ሳቡና በካፊኛ፣ ኮረብታ ለኮረብታ በሚጠራሩበት ድምፅ፣ ሜጋፎኑ እስኪርገበገብ ጮኹ፦ «ጦጣ ቡናው ውስጥ ገባ!»

ቡና አገር ያላደገ ሰው ይህ አይገባውም። ቃሉ ጆሮ ሲደርስ አንገት ከልብ ቀድሞ ይዞራል፤ ከልጅነት ጀምሮ በዚያ ጩኸት ከምሳ የተነሳ፣ ከእንቅልፍ የተነሳ፣ ድንጋይ አንስቶ የሮጠ ሰው ነውና። አራቱም የቢታ ተከላካዮች ከበሩ ጀርባ ወዳለው ጫካ ዞሩ። ግብ ጠባቂያቸው ዞረ። ግማሹ ተመልካች ዞረ፤ አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ከዘራቸውን አንስተው ነበር። ያልዞርነው ካፊኛ የማናውቅ ነን፤ መምህር ታፈሰ፣ ዳኛው፣ እኔ። እና አድማሱ። እሱ ኳሷን በአራቱ መሀል አሳልፎ፣ ባዶ በር ላይ፣ ቀስ ብሎ አስገባት።

የተነሳውን ጩኸት አልገልጸውም፤ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የቢታው አምበል ዳኛው ላይ ተንደረደረ። «ጦጣ ብላ አታለለችን!» ዳኛው የሩቅ አገር ሰው ነው፤ ግራ ገብቶት «ታዲያ የታለ ጦጣው?» አለ።

«የለም!»

«ካልገባ ጨዋታ ለምን አቆማለሁ? ጎል ነው።»

አምበሉ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ከዚያ ከጓደኞቹ አንዱ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ተዛመተ፣ አምበሉም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ፊሽካው ሲነፋ አድማሱን ትከሻ ላይ አወጡት። በሁሉም ራስ ላይ ሆኖ እናቱን ይፈልግ ነበር። በኋላ እትዬ «አንተስ እንዴት አልዞርክም?» ስትለው «ምን ልፈልግ? ቀዩን ሁሉ ለቅማችሁልኛል፤ ጦጣ ቢመጣ ምን ይበላል?» አላት፣ እያለቀሰ።

እኔ ከእትዬ ወርቅነሽ ጎን ነበርኩ። እትዬ ዘነበች፣ ያቺ ሜዳ ገብታ የማታውቀው አክስቴ፣ ጭቃውን እየረገጠች መጣችና እጃቸውን ሳመች። «ኧረ እንዴት አሰቡት እትዬ? ይህን ተንኮል ማን አስተማረዎት?»

እትዬ ወርቅነሽ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። «ተንኮል ምንድን ነው? ልጅቷ ድምፅ አጣች፣ ሥራዋ ጩኸት ነው፣ ጮህኩላት» አሉ። «እኔ የማውቀው ጩኸት ይህ ብቻ ነው።»

ሜጋፎኑን መለሱልኝ። እጄን ያዙ፣ ለቀቁ። ከዚያ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሳይመሽ ለመድረስ፣ የማንም ቀን ሳይኖርባቸው ወደ ማንኪራ አቀኑ።